የወይዘሮ ደጊቱ ሦስት ክንድ ከስንዝር

በየሰፈሩ አንዲት «ይቺማ ምን አላት!» ባይ አትጠፋም። አሥር ዓመት የለፋሽበትን ሙያ ከደጃፍ ቆማ አንዴ ታየዋለች፤ አንገቷን ዘንበል ታደርጋለች፤ ከዚያ «እ! ይቺማ ምን አላት!» ትላለች። በማግስቱ ጀምራው ታገኛታለሽ። በሳልስቱ ትታው ሌላ ጀምራ ታገኛታለሽ። እግዜር ይህን ዓይነት ሰው ለየመንደሩ አንድ አንድ ያደለው፣ እኛ ሌሎቻችን ሥራችንን አክብደን እንዳንኮፈስ ይመስለኛል።

የእንጅባራ ድርሻ የደረሰው ለእኔ ነው። የአጥር ጎረቤቴ ክብርት ወይዘሮ ደጊቱ አስማረ ትባላለች። አጥሩን ራሱ የጀመረችው እሷ ናት፤ የጨረስኩት እኔ ነኝ።

አንድ ጊዜ የግብርና ሠራተኛው ብስክሌቱን ከደጇ አቁሞ ውሃ ሊጠጣ ገባ ሲል፣ «ይቺማ ምን አላት! የፈረሰኛ ልጅ ብረት ያቅታታል?» ብላ ወጣችበት። ቁልቁለቱን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቦይ ድረስ እንደ ንፋስ ሄደች። ከቦዩ ጭቃ ጎትተን ስናወጣት፣ ቀሚሷን እያራገፈች፣ «ልጓም የለውም እኮ!» ብላ ተቆጣችን፤ ልጓሙን እኛ የደበቅንባት ይመስል።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ከተማ ወርዳ ፀጉር አስተካካይ ሲሠራ አየችና፣ መቀስ ይዛ ባሏን ክንዴን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በርጩማ ላይ አስቀመጠችው። ግማሽ ራሱን እንደ ጨረሰች አንዲት ሴት ዘመናዊ ቀፎ አሸክማ በመንገድ ስታልፍ አየች። መቀሱን ጥላ ተከተለቻት። ክንዴ የዚያን እሁድ ጋቢውን ተከናንቦ ከቅጽሩ ውጭ ቆሞ አስቀደሰ። ቀፎውም ቢሆን የቆየው ሦስት ቀን ነው። «ንቦቹ ሥነ ሥርዓት የላቸውም» አለች።

ቤቷ ስትገቢ የጅምር ጎተራ ነው። ክዳን የሌለው ሞሰብ። አንድ እጅጌ ያለው ሹራብ። ሁለት እግር ብቻ ኖሮት ግድግዳ ተደግፎ የሚቆም በርጩማ። ክንዴ በሕይወት ሳለ፣ «ከዚህ ቤት የጨረሰችው እኔን ብቻ ነው» እያለ ያስቀን ነበር።

ይህ ሁሉ ያስቃል። የማያስቀው የወርቅነሽ ነገር ነው። ወርቅነሽ የመጀመሪያ ልጇ ናት። ስትዳር እናቷ፣ «የልጄን ቀሚስ ሌላ ሰው አይጠልፈውም፤ እኔው ነኝ» ብላ መርፌ ያዘች። ፊት ለፊቱን ጠለፈችው፤ እውነቱን ለመናገር ያማረ ነበር። ጀርባው ላይ ሳትደርስ ሰርጉ ደረሰ። ወርቅነሽ ሰርጓን ሙሉ ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ ዋለች። ሊያስጨፍሯት ሲጎትቷት፣ «እግሬን አሞኛል» አለች። አጠገቧ ነበርኩ፤ እግሯን አላመማትም። ደጊቱም ከጓዳው በር ሆና ታያት ነበር። ስለዚያ ቀን እሷም አላነሳች፣ እኔም አላነሳሁ። ዓመቶች አለፉበት።

በሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር ሲገባ፣ የሰፈራችን ልጅ የምሥራች ከዐረብ አገር ተመለሰች። እዚያ አንዲት የፈረንጅ አሮጊት ስታስታምም ኖራ፣ አሮጊቷ ሙያ አስተምራታለች። ሌላው ከዐረብ አገር ሲመጣ ቴሌቪዥን ይዞ ይመጣል፤ የምሥራች ይዛ የመጣችው አንድ ደረቅ ትራስና እንደ ጣት የቀጠኑ እንጨቶች ነው።

«ዳንቴል ነው» አለችን።

ዳንቴልማ እናውቃለን፤ በኪሮሽ የሚሠራውን፣ የሬዲዮ ልብስ የሚሆነውን። «ይሄ ሌላ ነው፤ ኪሮሽ የለውም» አለች። ሰባት ሴቶች ሆነን እናቷ በረንዳ ላይ ተሰበሰብን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ትራሱ እንደ ድንጋይ እስኪጠጥር በጤፍ ጭድ ይጠቀጠቃል። ነጥብ ነጥብ የተበሳ ካርቶን ይነጠፍበታል። ክሩ በትናንሾቹ እንጨቶች ላይ ይጠቀለላል፤ እንጨቶቹን እኛ የሸማኔውን ዕቃ ስም ሰጥተን ቀሰም አልናቸው፤ ለየራሳችንም ከአገራችን ቀርከሃ አስቀረፅን። ከዚያ አራት ቀሰም ብቻ በእጅሽ ትይዣለሽ። አንዱን በሌላው ላይ ታሻግሪያለሽ፣ ትጠመዝዣለሽ፣ ነጥቡ ላይ ስፒል ትተክያለሽ። አራቱን ትተሽ የሚቀጥለውን አራት ታነሺያለሽ። የደጊቱ ዳንቴል ሃያ አራት ቀሰም ነበረው። የምሥራች ከኋላችን እየተመላለሰች፣ «አሻግሪ፣ ጠምዝዢ፣ አሻግሪ፣ ስፒል!» ትላለች፤ ወታደር የምታሠለጥን ነው የምትመስለው።

ደጊቱ የመጀመሪያውን ቀን ገና ስታየው ምን እንዳለች ታውቂዋለሽ።

«እትዬ ደጊቱ፣ ቀስ ይበሉ» አለቻት የምሥራች። «እጅ እስኪለምድ ሦስት ወር ይፈጃል።»

«ሦስት ወር! እኔ እኮ ሹሩባ ስሠራ ያደግኩ ሴት ነኝ። ራስ ላይ የሚሠራውን ትራስ ላይ መሥራት አይደል? ይቺማ ምን አላት!»

ቀትር ላይ ሃያ አራቱ ቀሰሞች በርስት እንደ ተጣላ ቤተሰብ ተያይዘው የሚገላግላቸው ጠፋ።

እኔ በአራተኛው ቀን ተውኩት። «እጄ የተፈጠረው ለጎመን ቅንጠሳ ነው» ብዬ በክብር ወጣሁ። አንዷ ወገቧን አመማት፤ አንዷ ዓይኗን፤ አንዷ ባሏን። ታኅሣሥ ሲጋመስ ከሰባታችን አንዲት ብቻ ቀረች። የቀረችው ደጊቱ ናት። ሰፈሩ ጉድ አለ።

ለምን እንደ ቀረች የገባኝ በዚያው በታኅሣሥ ነው። ለታናሿ ልጇ ለሜላት ሽማግሌ ተልኮ፣ ሰርጉ ሚያዝያ ሃያ አምስት እሁድ ሆኖ ተቆረጠ። እኔ ወንፊት ልዋስ ገብቼ ነበር።

«ከቀሚስሽ ታች የሚዞረውን ዳንቴል እኔ ነኝ የምሠራው» አለቻት ደጊቱ ለልጇ። «ሦስት ክንድ ከስንዝር ነው። ለክቼዋለሁ።»

ሜላት ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እማዬ፣ እባክሽ ከባሕር ዳር ልግዛ» አለች።

«ለምን ተብሎ?»

«እንደ እህቴ ግድግዳ ተደግፌ መዋል አልፈልግም።»

አሁን ቁጣ ይመጣል ብዬ ወንፊቱን ይዤ ወደ በሩ ሸሸት አልኩ። አልተቆጣችም። ትራሱን ጭኗ ላይ አስተካከለችው። የተጠላለፉትን ቀሰሞች አንድ በአንድ መለየት ጀመረች።

«ይቺስ አላት» አለች። «ግን እጨርሳታለሁ።»

በአርባ ዓመት ጉርብትና ከአፏ «አላት» ሲወጣ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ወንፊቱን ረስቼው ወጣሁ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ጉድ ብቻ ነው። የምሥራች የሱቅ ክር ስትሰጣት፣ «እኔ የፈተልኩት እያለ ለልጄ የሱቅ ክር!» ብላ መለሰችላት። በፈትል እንኳ አትታማም፤ ማጓ ሲቀጥን ዓይን አይዘውም። ቀሰሞቹ ላይ ጠቀለለችውና ጀመረች። ቀሰሙ ከትራሱ ጠርዝ ሲንጠለጠል በራሱ ይሽከረከራል፤ ሲሽከረከር የክሩ ፈትል ይላላል፤ ሲላላ፣ ጧ! አንዱን ስትቋጥር ሌላው፣ ጧ! ፈታይ ነኝ የምትል ሴት ሁሉ ይህን ሳትስት አትቀርም። ማግ እኮ የሚቆመው በሸማኔው እጅ ድር መሃል ገብቶ፣ ግራና ቀኙን ተደግፎ ነው። ብቻውን ሲንጠለጠል አቅም የለውም።

አሥራ ሰባት ጊዜ ቋጠረችው። አሥራ ስምንተኛው ሲበጠስ እጇን ሰብስባ ትክ ብላ አየችው።

«ዋጋዬ» አለችኝ፤ እኔን ነው። «ብቻውን ስለሆነ እኮ ነው።»

እንዲህ ስትል የክንዴን ባዶ መደብ ነበር የምታየው፤ ወይም ለእኔ እንደዚያ መሰለኝ። ሁሉንም ፈታችው። ሁለት ሁለቱን አጣምራ እንደገና በእንዝርት አከረረችው። አሥር ቀን ፈጀባት። እኔ በየቀኑ በአጥሩ ላይ አንገቴን አውጥቼ፣ «ዛሬስ አልተውሽም?» እላለሁ። «አልተውኩም።» «ነገስ?» «ሂጂ ወደ ጎመንሽ!» የከረረው ክር ከዚያ ወዲህ አልተበጠሰም።

ጥር ላይ ደግሞ ጥጃዋ የጤፍ ጭድ ሸተታት። ደጊቱ ውሃ ልትቀዳ ወጣ እንዳለች፣ ጥጃዋ ትራሱን በጆሮው ነክሳ እስከ ጓሮ ጎተተችው፤ ሃያ አራቱ ቀሰም ከኋላዋ እየተንጫጨ። አንድ ስንዝር ሥራ ድራሹ ጠፋ። ደጊቱ ስትናደድ የምትናገረው በአገውኛ ነው፤ እናቷ ያሳደገቻት በዚያ ነው። ያን ቀን ለጥጃዋ የነገረቻትን አልተረጉመውም፤ ጾም ባይሆንም አልተረጉመውም።

ሲበርድላት ትራሱን እንደገና ጠቀጠቀችው፤ ሥሩንና ዙሪያውን እበት ቀባችው፤ ጥጃ ጡት ስናስጥል የላሟን ጡት እንደምንቀባው። የምሥራች መጥታ አፍንጫዋን ያዘች።

«እትዬ ደጊቱ! ያቺ ፈረንጅ ይህን ብታይ ምን ትል?»

«ጥጃ አላት?»

«ኧረ የላትም።»

«እንግዲያው ምን ታውቃለች!»

ስፒል ሲያልቅባት የአጋም እሾህ ለቅማ ተካችበት። እኔን ለቀማ አስወጥታኝ እጄን ወጋኝ፤ ጣቴን እያጠባሁ ቆሜ ሳያት፣ «ሽልማትሽ ነው» አለችኝ። ከእበቱ ላይ እሾሁ፣ ከእሾሁ መሃል ያ ነጭ ነገር እንደ ውርጭ ብቅ ሲል ሳየው ግን፣ ለእሷ አልነገርኳትም እንጂ፣ ልቤ ደንገጥ አለ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ቀኑ አነሳት። ስግደቱ አለ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አለ፣ የበዓላቱ ብዛት አለ። አባ ገብረ ማርያም በደጇ ሲያልፉ ይዛ አቆመቻቸው። መስቀል ተሳልማ ሳትጨርስ፣

«አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እንዝርት የለበት፤ የሸማኔ ጉድጓድ የለበት። ትራስ ላይ ትንሽ እንጨት ማንከባለል በበዓል ቀን ሥራ ይባላል?»

አባ ትራሱን አዩት። ሸተታቸው መሰለኝ ትንሽ ፈቀቅ አሉ።

«ስትሠሪው ወገብሽን ያምሻል?»

«ኧረ አባ፣ ወገቤ ተቆረጠ!»

«እንግዲያው ሥራ ነው» ብለው ሄዱ።

እሷም ቃላቸውን አከበረች። ሰንበት ሲሆን፣ ሚካኤል ሲሆን፣ ማርያም ስትሆን ትራሱን በነጭ ጨርቅ ሸፍና ከፊቱ ቁጭ ብላ ታየዋለች። ማየት አልተከለከለም። ከንፈሯ ግን ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፤ አሻግሪ፣ ጠምዝዢ፣ አሻግሪ።

የሆሳዕና ሰሞን የምሥራች ባሏ ወዳለበት ወደ ጫግኒ ልትሄድ ጓዟን ሸከፈች። ለስንብት መጥታ፣ «እትዬ ደጊቱ፣ አጨራረሱን ላሳይዎት፤ ሌላ ነው» አለቻት።

«ማለቁን ያለቀ ዕለት እናየዋለን። አሁን መሃሉን አታስረሺኝ።»

የምሥራች ወደ እኔ አየች፤ እኔ ወደ መሬት። ስልኳን በብጣሽ ወረቀት ጽፋ ሰጠችን።

ሰርጉ ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ማክሰኞ ዕለት ደጊቱ በጣቷ ቆጠረችልኝ። በቀን የምትሠራው ሦስት ጣት ያህል ነው። «ዛሬ ሦስት ጣት። ነገ ረቡዕ ማርያም ናት፤ አልነካም። ሐሙስ ሦስት፤ ዓርብ ሦስት። ዓርብ አመሻሽ ቀሚሱ ላይ እሰፋዋለሁ። አበቃ።» እኔም አብሬ በጣቴ ቆጠርኩ። ልክ ነበር።

ሐሙስ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ «ዋጋዬ! ሦስት ጣት ብቻ ቀረኝ!» ብላ በአጥሩ ላይ ጮኸች። ሮጬ ሄድኩ። ደስ ብሎኝ፣ ሞኝ ነኝና፣ «እሰይ! ነገ ከቤተ ክርስቲያን እንደ ተመለስን መጥቼ አይሻለሁ» አልኳት።

«ነገ ምን ቤተ ክርስቲያን አለ?»

«ጊዮርጊስ ነዋ! ሚያዝያ ሃያ ሦስት አይደል እንዴ?»

ቀሰሞቹ ከእጇ ወደቁ።

ሌላ አገር ያለ ሰው ይህን አይረዳው ይሆናል። ለእኛ ለአዊ ሰው ጊዮርጊስ ማለት ጥር ሃያ ሦስት ነው። ፈረሱ ተሸልሞ፣ ሜዳው በሰው ተጥለቅልቆ፣ አቧራው ሰማይ ደርሶ። የሚያዝያው ጊዮርጊስ ጸጥ ብሎ ነው የሚመጣው። የፈረሰኛ ልጅ ደጊቱ ጊዮርጊስን በጥር አንግሣ፣ አጨብጭባ፣ ጨርሻለሁ ብላ ሚያዝያን ረሳችው። እኔም አብሬ ቆጥሬ ረስቼዋለሁ፤ አባቴም ፈረሰኛ ነበር። ዓርብ ጊዮርጊስ። ቅዳሜ ሰንበት። እሁድ ሰርግ።

«በሩን ዝጊና ነገ ስሪው» አልኳት። «እኔ ደጅ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ማንም አያይሽም።»

በጣቷ ወደ ላይ አሳየችኝ።

«ኃጢአቱ በእኔ ይሁን» አልኩ። ከልቤ ነበር።

«የራስሽ አነሰሽ?» አለችኝ።

ፀሐይዋ ስትገባ፣ በዓሉ ከዋዜማው ይጀምራልና፣ ቡሆ እንደምትሸፍን አድርጋ ትራሱን ሸፈነችው። ተነሥታ ሜላት ወዳለችበት ክፍል ገባች፤ እኔም ከኋላዋ። ሜላት እንሶስላ የታሰረ እጇን ጭኗ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች።

«ሦስት ጣት ጎደለ» አለቻት ደጊቱ። ቆማ፣ እንደ ተከሳሽ።

ሜላት በእግሯ ከአልጋው ሥር አንድ ፌስታል ገፋ አድርጋ አወጣች። የሱቅ ዳንቴል ነበር። ከጾሙ በፊት ከባሕር ዳር ያስመጣችው። ደጊቱ አየችው። 

«ይህን ላሰፋው ነበር» አለች ሜላት። «ያንቺን ግን በየቀኑ ሳየው ነበር፤ ስትተኚ እየገለጥኩ። እማዬ፣ የሱቁ አይሆንም። እሁድ ባዶውን እለብሰዋለሁ። ለመልሱ አድርሽልኝ።»

እሁድ ጧት ሜላት ዳንቴል የሌለውን ቀሚስ ለብሳ የእናቷን ጉልበት ሳመች። ከእንግዶቹ አንዷ ወደ ጎረቤቷ ጠጋ ብላ፣ «እናትየዋ ዘንድሮም አልጨረሰችም» ስትል ሰማሁ። ጠላ እየቀዳሁ ነበር። አምስት ወር ሙሉ ስቀልድባት የኖርኩት እኔ ነኝ፤ ግን ምን እንደ ነካኝ አላውቅም።

«ሦስት ጣት ነው የቀራት! አንቺ በዕድሜሽ ሦስት ጣት ሠርተሽ ታውቂያለሽ?» ብዬ ጠላውን ነሣኋት።

ሜላት ግን ግድግዳ አልፈለገችም። መሃል ቤት ቆማ ዙራ ዙራ ጨፈረች። ሙሽራው ሊወስዳት ሲመጣ ቬሎዋን ለበሰች፤ ቀሚሱን አጣጥፋ የእናቷ አልጋ ላይ ትታልን ሄደች።

መልሱ ማክሰኞ ነው። ማክሰኞ ደግሞ መድኃኔዓለም ነው። ያለችን ሰኞ ብቻ ናት። ደጊቱ ገና ጎሕ ሲቀድ ተቀመጠች፤ ቀትር ሳይሆን ሦስቱን ጣት ሠራችው። የመጨረሻውን የአጋም እሾህ ተከለች። ከዚያ ቀሰሞቹን ይዛ ተቀመጠች። አንዱን ቀሰም ታነሣለች፣ መልሳ ታስቀምጣለች።

«ምን ሆንሽ?» አልኳት።

«ዋጋዬ» አለችኝ፣ ፊቷ አመድ መስሎ፣ «እንዴት ነው የሚያልቀው?»

ሃያ አራት ክር ከሃያ አራት ቀሰም ጋር ተንጠልጥሏል። እሾሁ ቢነቀልና ክሩ ቢቆረጥ የአምስት ወር ሥራ ይተረተር እንደሆነ አናውቅም። መጨረስን ጠይቃ አታውቅም፤ አስፈልጓት አያውቅማ።

ብጣሿን ወረቀትና ስልኩን ይዤ ኔትወርክ ፍለጋ ወጣሁ። ከአጥሩ ጥግ ለከሰል በተከመረው የዲከረንስ እንጨት ላይ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ወጣሁ። በአራተኛው ሙከራ ገባ። ከወዲያ የጫግኒ ባጃጅ ይጮሃል።

«የምሥራች! ዳንቴሉ አለቀ!»

«የማን ዳንቴል?»

«የደጊቱ!»

«እውነት?» አለች፤ ድምፅዋ ተለውጧል። «እውነት እትዬ ዋጋዬ?»

«እውነት! አሁን እንዴት ነው የሚቆመው?»

«ሁለት ሁለቱን ይቋጥሩት! ሁለት ሁለት ጊዜ፣ ጥብቅ አድርገው!»

«ቋጥሪ!» ብዬ ወደ ቤቱ ጮህኩ። «ሁለት ሁለቱን! ሁለቴ!»

«ከዚያስ?» ትላለች ደጊቱ ከውስጥ።

«ከዚያስ?» እላለሁ እኔ ለጫግኒ።

«ከዚያ መቁረጥ ነው!»

«ቁረጪ!»

«መቁረጥ?!»

ከእንጨቱ ላይ እንዴት እንደ ወረድኩ አላውቅም። ስገባ አሥራ ሁለቱን ቋጠሮ ጨርሳ መቀስ ይዛ ትጠብቀኛለች። መቀሱን ወደ እኔ ዘረጋችው።

«አንቺ ቁረጪው።»

«አንቺ የጀመርሽውን?»

«እኔ መጀመር ነው የማውቀው። መተው የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ በአራት ቀን።»

ተሳሳቅን፤ እስክናነባ ሳቅን። መቀሱን ግን አልተቀበልኳትም። እጄን ከኋላዬ አድርጌ ቆምኩ። ዓይኗን ጠረገችና አንዱን ቆረጠች። አየችው። አልተተረተረም። ሁለተኛውን። በአገውኛ እየቆጠረች ሃያ አራቱንም ቆረጠች። እሾሁን አንድ በአንድ ነቀልን። ዳንቴሉን ከትራሱ ላይ አንሥታ በብርሃኑ ፊት ስትዘረጋው ሦስት ክንድ ከስንዝር ሙሉ ሆኖ ቆመ። እንከን አለበት፤ ጥጃዋ የጎተተችው ቦታ ትንሽ ያዘነብላል። እኔ አየሁት፤ እሷም አየችው።

ፀሐይ ሳትገባ መስፋት ነበረብን። እሷ ከቀኝ እኔ ከግራ ያዝን፤ ከቀሚሱ ጀርባ መሃል ላይ መርፌዎቻችን ተገናኙ።

ማክሰኞ ሜላት ለብሳው ገባች። ደጃፉ ላይ ማንም ሳይጠይቃት ዙራ ጀርባዋን ለእንግዳው ሁሉ አሳየች። ወርቅነሽ ከጥግ ተነሥታ መጣች፤ ጎንበስ ብላ የዳንቴሉን ጫፍ በጣቷ ይዛ ዙሪያውን ተከተለችው፤ ከተነሣችበት እስክትደርስ አልለቀቀችም። ቀና ስትል ወደ እናቷ አየች። እግሬን አሞኛል አላለችም። ስታስጨፍር አመሸች።

ማታ ቤቱን ስንጠርግ ደጊቱ፣ «እነዚያን የክር ቁራጮች የት አደረግሻቸው?» አለችኝ።

«ከጓሮ ጣልኳቸው» አልኳት።

ውሸቴን ነው። ሃያ አራቱንም በመቀነቴ ጫፍ ቋጥሬ ይዣቸዋለሁ። መቀነቱ ሲታጠብ እፈታቸዋለሁ፤ ሲደርቅ መልሼ እቋጥራቸዋለሁ። ሰው ምንድን ነው ሲለኝ፣ የሆድ ቁርጠት መድኃኒት ነው እላለሁ።